የመቶ አሥር ደቂቃ መንገድ

ከሜላት ሻይ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሁለት መቶ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ልጇ ጥሩወርቅ ግን እግሯ ከረዘመ ወዲህ በመቶ ሰማንያ ትጨርሰዋለች። ጥሩወርቅ የድሮ ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ዓመት የተወለደች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍልን በርቀት ተምራ በዘጠና ስድስት ነጥብ ካለፈች አንድ ዓመት ሆኗታል። ያንን ዓመት ያሳለፈችው ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሻይ እየቀዳችና የቤት ሥራቸውን እየሠራችላቸው ነው። መስከረም ካለፈ ደግሞ አሥራ ስድስት ይሞላታል፤ በደንቡ መሠረት አሥራ ስድስት የሞላው ሰው ዘጠነኛ ክፍል የሚገባው በማሟያነት ብቻ ነው። ማሟያ ወንበር ላይ ይቀመጣል እንጂ የምስክር ወረቀት አይሰጠውም።

ስለዚህ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሜላት ልጇን አስከትላ ወደ መዝጋቢው ወደ አቶ ዮናታን ቢሮ ገባች።

"አምና መጥተው ነበር፣ እትዬ ሜላት፤" አለ ዮናታን።

"አምና ዘንድሮ ነዪ ብለኸኝ ነበር።"

"ልክ ነው። መልሱም ያው የአምናው ነው።"

"ቆይ፣ ምኑ ነው የጎደላት? ነጥብ ነው?"

"ነጥብማ ተርፏታል። የጎደላት ማኅበረሰብ ነው።" የኮምፒውተሩን ሰሌዳ ወደ እሷ አዞረላት። "ይኸው፣ 'የተማሪዋ ማኅበረሰብ' ይላል። እዚህ ላይ ከአምስቱ አንዱ ካልተጻፈ ሚዛን አይቀበልም።" ሚዛን የትምህርት ቤቱን መዝገብና አውቶቡሶች የምትመራው ማሽን ናት።

"በር ሥር ብለህ ጻፍ።"

"በር ሥር የሚባል የለም።"

ሜላት በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመች። "ያ ታዲያ ምንድን ነው? አሁን ሻይህን ጠጥተህ የመጣህበት?"

"እሱ ሻይ ቤት ነው፣ እትዬ። ማኅበረሰብ አይደለም።"

ዮናታን ክፉ ሰው አልነበረም። ሲወጡ በሩን ከፍቶላቸዋል፤ ጥሩወርቅንም "አይዞሽ" ብሏታል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሜላት የምትለውን ታውቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ የአምስት ማኅበረሰቦች የጋራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከመሠራቱ በፊት የት ይሠራ በሚል አምስቱ ከተሞች አሥራ አንድ ዓመት ተጣልተዋል። አንዷ "እኔ ውኃ አለኝ" ስትል ሌላዋ "እኔ ታሪክ አለኝ" ትላለች፤ ሦስተኛዋ ምንም ስለሌላት "ለእኔ ይገባል" ትላለች። በመጨረሻ አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ መሐሉን ፈለገ። መሐሉ ነፋስ ብቻ የሚኖርበት ሜዳ ላይ አረፈ። ማንም ስላልተጠቀመ ሁሉም ተደሰተ፤ በዚያው ዓመት ሕንፃው ቆመ።

ችግሩ ማስመሪያ ገደል አያውቅም። ለቀይ አፋፍ ልጆች ሸለቆውን ዞሮ መምጣት መቶ አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ ለጎሽ ውኃ ልጆች አሥራ ሁለት ደቂቃ። ቀይ አፋፍ መንገድ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ እኩል መንገድ የሚባለው ደንብ ወጣ፤ የማንም ልጅ ከመቶ አሥር ደቂቃ በታች ተጉዞ አይደርስም። የጎሽ ውኃ አውቶቡስ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይመጣና ዘጠና ስምንት ደቂቃ ሜዳውን ይዞራል። ሹፌር ስለሌለው የሚሰለች የለም። ልጆቹ ጭንቅላታቸውን መስታወቱ ላይ ጥለው ይተኛሉ፤ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን አምስቱ አውቶቡሶች በአንድ ላይ በሩ ላይ ይደርሳሉ።

የቀረውም እንዲሁ ነው። አምስት ርዕሰ መምህር አለ፤ ለእያንዳንዱ ከሳምንቱ አንድ ቀን ተሰጥቶታል፤ የማክሰኞው የሰኞውን ትእዛዝ ይሽራል። በየክፍሉ አምስት አንደኛ ይወጣል። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ አንድ መቶ ሃያ ተማሪ ይልካል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ጎሽ ውኃ ሁለት ልጅ ቢጎድላት ሁለት ጡረተኞችን በማሟያነት ላከች። አንደኛው ዘጠነኛ ክፍል ሲቀመጥ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ግን አልጀብራው እየገባው እንደሆነ ለሜላት ነግሯታል።

በር ሥርን ማንም አላቀዳትም። ግንበኞች መጡ፣ አጥሩን ሠርተው እዚያው ቀሩ። ጥበቃ መጣ፣ ጽዳት መጣ፣ ለእነሱ ሻይ የሚያፈላ መጣ። ሜላትና ባሏ ያፌት የመጡት ከእነዚያ ጋር ነበር፤ ያፌት ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው። አሁን በር ሥር ቤት አለ፣ ዕድር አለ፣ ልጅ አለ። ካርታው ላይ ግን ያ ቦታ ዛሬም ሜዳ ነው።

መላውን ያገኘችው ጥሩወርቅ ናት። ትምህርት ቤቱ በሚጥለው ወረቀት ሜላት ፓስቲ ትጠቀልልበት ነበር። አንድ ቀን ጥሩወርቅ የምትጠቀልለውን ፓስቲ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረች።

"ኧረ ሰውየው እየጠበቀ ነው!" አለች ሜላት።

"እማዬ፣ ስሚ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። አንቀጽ አሥራ ሰባት። 'አርባና ከዚያ በላይ አባወራ ያለው ሰፈር በማኅበረሰብነት ለመመዝገብ ማመልከት ይችላል።' ስንት ቤት ነን?"

ዘይቱ ግማሹን አንቀጽ በልቶት ነበር፤ ያ ግን በቂ ነበር። ቤት ለቤት ዞረው ሲቆጥሩ አርባ ሦስት ሆኑ። አርባ ሦስቱም ፈረሙ፤ ማመልከቻው ገባ፤ ጳጉሜ ላይ የማኅበረሰቦቹ ጉባኤ ተጠራ።

በጉባኤው ለማንም የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ሐሳቡን ቀድሞ የጨረሰ ሰው ሦስት ደቂቃው እስኪሞላ ዝም ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ የተናገሩት የቀይ አፋፉ ተወካይ ኢንጂነር ባሮክ ነበሩ።

"እኛ ይህን ትምህርት ቤት ያገኘነው አሥራ አንድ ዓመት ተጣልተን፣ ሽማግሌ ልከን፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ዘግተን ነው። እነዚህ ሰዎች ከማን ተጣሉ? የቱን መንገድ ዘጉ? ፓስቲ ሲጠብሱ ኖረው ድንገት ማኅበረሰብ መሆን አለ እንዴ? ደግሞስ በዚህ ቅርበት ሊማሩ? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ትምህርቱን ይንቁታል። እኔ የማስበው ለእነሱው ነው።"

አርባ ሰከንድ ተረፋቸው። ጣሪያውን እያዩ ቆሙ።

ቀጥሎ የጎሽ ውኃዋ ወይዘሮ ሶስና ተነሡ። "የእኛ ልጆች ሜዳ ለሜዳ ሲዞሩ እነሱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩ አሥራ ስምንት ዓመታቸው! ይግቡ እንጂ! ገብተው ይዙሩ። እኛም በተራችን እንያቸው።"

ሦስቱ የቀሩት ተወካዮች የተናገሩት ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም። በመጨረሻ የሜላት ተራ ደረሰ። ማታ ከልጇ ጋር ያጠናችው ንግግር ነበራት፤ ስትቆም ግን ሁሉም ጠፋት።

"ልጄ መማር ትፈልጋለች፤" አለች። "በሩ እዚያ ነው። ልጅቷ እዚህ ናት።"

ሃያ ሰከንድ አልሞላም። የቀረውን ጊዜ ጥሩወርቅ ላይ ዓይኗን ጥላ ቆመች። በአዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የወንበር ሲጢጥታ ብቻ ነበር። በዚያ ዝምታ የሰብሳቢው ዓይን እንባ አቀረረ የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ማዛጋት ነው ይላሉ። ብቻ፣ ውሳኔው በድምፅ ብልጫ አለፈ። በር ሥር ስድስተኛዋ ማኅበረሰብ ሆነች። እንደ እኩዮቿ አንድ መቶ ሃያ ተማሪ ትልካለች፤ እንደ እኩዮቿ መቶ አሥር ደቂቃ ትጓዛለች። ተማሪዋ ከግቢው በር ውጭ ከአውቶቡስ ከወረደ እንዳልተጓዘ ተቆጥሮ ቀሪ ይባላል። ጉድለት ከታየባት አባልነቷ እንደገና ይመረመራል።

ጥሩወርቅ የውሳኔውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። "እማዬ፣ እኔ መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው ያለብኝ።"

"ነበረብሽ፤" አለች ሜላት። "አሁን ማኅበረሰብ አለሽ።"

እንዲህ ስትል በድምፅዋ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ነበር፤ ራሷም ሰማችው። በዚያን ዕለት በር ሥር እልል አለች። ማታውኑ ኮሚቴ ተመረጠ፤ በማግሥቱ ኮሚቴው ቅዳሜ የሚሠራ ርዕሰ መምህር ጠየቀ፤ በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ከላይ ቤቶች ይሁን ወይስ ከታች ቤቶች በሚል ለሁለት ተከፈለ። አሥራ ስምንት ዓመት ጨው የተበዳደሩ ጎረቤቶች ሰላምታ አቋረጡ። "አሁን ገና እንደ ሰው ሆንን" አለ አንድ የታች ቤት ሰው።

ከባዱ ነገር መቶ ሃያው ነበር። በር ሥር ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሠላሳ አንድ ብቻ ነው። የቀረው ሰማንያ ዘጠኝ በማሟያ መሞላት አለበት። ሜላት ራሷ ተመዘገበች። ፀጉር ቆራጩ፣ ሁለቱ አዋላጆች፣ የዕድሩ ጸሐፊ ተመዘገቡ። እመጫቶች ሕፃን በጀርባ ይዘን እንገባለን ብለው ተመዘገቡ። መስከረም አንድ ዋዜማ ላይ አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሜላት የሰፈሩን ሰው በጣቷ እየቆጠረች ብታስብ ያልተመዘገበ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ናሆም።

"እኔ?" አሉ ጋሽ ናሆም፣ ሳቃቸው እየመጣ። "በስድሳ ስምንት ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል?"

"ስምዎ ብቻ ነው፣ ጋሽ ናሆም። ለጥሩወርቅ ብለው።"

"ለጥሩዬ ከሆነ እሺ። ግን ከኋላ ነው የምቀመጠው።"

ሁሉም ሳቀ። ኮሚቴውም፣ ዮናታንም፣ ሚዛንም ስማቸውን ተቀበሉ። አንድ መቶ ሃያ።

የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ባለ ተሳቢው አውቶቡስ ሜላት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ዩኒፎርም ለብሶ ገባ። ለአዋላጆቹ ጠቦ ነበር፤ ለጋሽ ናሆም ሰፍቶ። ጥሩወርቅ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ ሜላት ከጎኗ። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ በር ሥርን መዞር ጀመረ።

መጀመሪያ ዘፈኑ። በአራተኛው ዙር ሜላት የልብስ መስቀያ ገመዷ ላይ አንድ ካልሲ እንደረሳች አየች። በሰባተኛው ዙር ካልሲው ወድቆ ነበር። በአሥረኛው ዙር የዕድሩ ጸሐፊ አንኮራፋ። በአሥራ አምስተኛው፣ ከሻይ ቤቱ ምድጃ ጭስ እንደማይወጣ፣ በሰፈሩ ውስጥ አንድም ሰው እንዳልቀረ ስታይ ትንሽ ቅር አላት፤ ግን ወዲያው ሌሎቹ አምስት አውቶቡሶች በአድማስ ላይ ብቅ አሉና ልቧ ሞቀ። ስድስት ሆነው፣ ጎን ለጎን፣ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ደረሱ።

በሩ ተቆልፏል።

"በሩ ተዘግቷል፤" አለች ሚዛን በሁሉም አውቶቡስ ውስጥ፣ በለስላሳ ድምፅዋ። "የጉዞው ደቂቃ ቀጥሏል።"

መጀመሪያ የገባው ለፀጉር ቆራጩ ነው። ዞር ብሎ ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተ። ቀስ በቀስ ሁሉም ዞረ። ጋሽ ናሆም ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ናሆም፣ በሩን!" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"እኔ ምን ላድርግ?" አሉ። "ተማሪ ነኝ።"

ትምህርት ቤቱ ሲሠራ በሩ በአምስቱ ርዕሳነ መምህራን ድምፅ እንዲከፈት ታስቦ ነበር። አምስቱ በአንድ ቀን ስለማይገኙ በመጨረሻ ተራ ቁልፍ ተገጠመለት። ቁልፉ አንድ ነው፤ አሁን ያለው በጋሽ ናሆም የዩኒፎርም ኪስ ውስጥ ነው። እሳቸው ከወረዱ ቀሪ ይባላሉ። ካልወረዱ በሩ አይከፈትም። አውቶቡሶቹ ደግሞ ቆመው መጠበቅ አያውቁም፤ አንድ ደቂቃ በሩ ላይ አረፉና ስድስቱም ተከታትለው አጥሩን መዞር ጀመሩ።

ሁለተኛ ጊዜ በሩ ላይ ሲደርሱ የጎሽ ውኃ ልጆች መስኮት ከፍተው ይጮኹ ነበር። "ዘጠነኛ ሀ! ኧረ ዘጠነኛ ሀ! ጋሼ፣ ትምህርቱን በኋላ ይደርሱበታል! በሩን!" ከቀይ አፋፍ አውቶቡስ ደግሞ "እኛን በመቶ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ልትገድሉን ነው!" የሚል መጣ።

ጋሽ ናሆም በከፊል ብድግ አሉ።

"እንዳይወርዱ!" ሜላት ነበረች የጮኸችው። "ገና በመጀመሪያው ቀን? አባልነታችን ይሰረዛል! ይቀመጡ፣ ጋሽ ናሆም።"

ተቀመጡ። አውቶቡሶቹ ዞሩ።

በሦስተኛው ዙር ጥሩወርቅ ወደ ኋላ ዞራ እጇን ዘረጋች። "ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ።"

ጋሽ ናሆም ሜላትን አዩ። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ልጅቷ ጋ ደረሰ።

"ቁጭ በይ፤" አለች ሜላት፣ የልጇን ቀሚስ ይዛ። "ቀሪ ትባያለሽ። ይህ ሁሉ መከራ ለማን ሆነና?"

"ለእኔ ነበር እንዴ?" አለች ጥሩወርቅ። በቁጣ አልነበረም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። "እኔማ መማር ነበር የፈለግሁት።"

"አርባ ሦስት ቤት ፈርሟል፣ ጥሩዬ።"

"አውቃለሁ። ያስፈረምኩት እኔ ነኝ።"

አውቶቡሱ በሻይ ቤቱ ፊት አለፈ። ሜላት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደሚያያት ዞር ሳትል ታውቅ ነበር። ፀጉር ቆራጩ፣ አዋላጆቹ፣ ከላይ ቤቶችም ከታች ቤቶችም፣ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው። እሷም ያንን ቃል ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ የልጇን እጅ አየች። ቁልፉን አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጣቶቿ ነጥተዋል።

አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆመ። ሜላት ቀሚሱን ለቀቀችና ጉልበቷን ወደ ጎን አደረገችላት።

ጥሩወርቅ ወረደች። ከአውቶቡሱ እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ ነበር። ቁልፉ ትንሽ አስቸገራት፤ በግራ ትከሻዋ ገፋችው። በሩ ተከፈተ፤ ስድስቱ አውቶቡሶች ገቡ።

"ሰባት መቶ አሥራ ዘጠኝ ተማሪ ተገኝቷል፤" አለች ሚዛን። "አንድ ቀሪ። የበር ሥር ጉድለት አንድ።"

በዘጠነኛ ሀ ክፍል የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ነበር። መምህር ኬብሮን ከቀይ አፋፍ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሳይቀመጥ ስም ጠራ። ጋሽ ናሆም እንዳሉት ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ሜላት ከአጠገባቸው። የበር ሥር ሰዎች ከእሷ አንድ ወንበር ራቅ ብለዋል።

"ጥሩወርቅ ያፌት።"

"አቤት፤" አለች ጥሩወርቅ ከፊተኛው ረድፍ።

መምህሩ በእጁ የያዘውን የስም ሰሌዳ አየ። "ቀሪ ነሽ።"

"እዚህ ነኝ፣ መምህር።"

"አይቼሻለሁ። ቀሪ ነሽ።" ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ከዚያ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሮ ትልቅ ክብ ሣለ። "ትምህርታችንን ከቀላል ጥያቄ እንጀምር። አንድ አውቶቡስ ከዚህ ነጥብ ይነሣል። ይህን ክብ ሙሉውን ዞሮ እዚሁ ነጥብ ላይ ይቆማል። አሁን ከተነሣበት ቦታ ምን ያህል ርቋል?"

ክፍሉ አሰበ።

"መቶ አሥር ደቂቃ!" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"ደቂቃ ርቀት አይደለም።"

"ሰባ ኪሎ ሜትር አይሆንም?" አለ ጡረተኛው የጎሽ ውኃ ማሟያ። "እንደየመንገዱ ነው።"

"አይደለም። ሌላ?"

"እንደየማኅበረሰቡ ነው!" አለች አንዷ አዋላጅ፣ በልበ ሙሉነት። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ወጥቷል። ጥያቄው ሳያልቅ ጀምሮ የወጣ እጅ ነው። መምህር ኬብሮን አየው፤ ከዚያ በስም ሰሌዳው ላይ ያለውን ዝርዝር አየ፤ ከዚያ ከእጁ በላይ አሻግሮ ክፍሉን ቃኘ።

"ሌላ የሚሞክር የለም?"

ማንም የለም። እጁ አልወረደም።

ከኋላ ወንበር ሲጢጥ አለ። ሜላት ተነሥታ ቆመች። ጎረቤቶቿ ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ እሷ ግን የምታየው መምህሩን ነበር።

"ቀሪዋን ይጠይቋት፣ መምህር።"